ጡቴ ከተነሳ በኋላ እንደገና ላሠራ ወይስ ይቅር?

በካንሰር ምክንያት ጡትሽ ሊነሳ ነው፣ ወይም ተነስቷል። ሐኪሙ «እንደገና ይሠራልሽ?» ብሎሻል፣ ዘመዱ ሁሉ ደግሞ የየራሱን ይላል። ተረጋጊ። የሚያስቸኩለው ካንሰሩን ማከሙ ነው። ጡት ማሠራቱ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ ሊሆን ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ይሆናል። ሐሳቡ ካለሽ ግን ጡትሽ ከመነሳቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሚቻል ከሆነ ቆዳውን ያተርፍልሻል።

ብዙ ሰው ከመጠንና ከቅርጽ ይጀምራል። እኔ ግን ለካንሰሩ ከሚሰጠው የጨረር ሕክምና ጀምሪ እላለሁ። «ጨረር ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሌላው ከዚያ ይከተላል። ሰው ሠራሽ ጡት ከቆዳሽ ሥር ገብቶ ጨረር ሲያርፍበት ዙሪያውን የሚይዘው ጠባሳ እየጠነከረ ሊጨመድደውና ሊያሳምምሽ ይችላል፤ ኢንፌክሽኑም ድጋሚ ቀዶ ሕክምናውም ይበዛል። ስለዚህ ጨረር ለሚወስዱ ብዙ ሴቶች ቆይተው ከራሳቸው ሰውነት በተወሰደ ሥጋ ማሠራቱ ይመከራል።

የራስ ሥጋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ነው፤ ከነደም ሥሩ ተነስቶ ደረት ላይ ይገጠማል። «ቦርጭሽም በዚያው ይሄድልሻል» እያሉ የሚቀልዱ አይጠፉም፣ ግን ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሆድሽ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ይቀራል፣ ለሳምንታትም ልጅ ማንሳትና ከባድ ነገር መሸከም የለም። ማን እንደሚያግዝሽ ቀድመሽ እወቂ። ሲጋራ ወይም ሺሻ ካለ ደግሞ ቀድሞ ይቁም፤ ኒኮቲን የደም ዝውውሩን ስለሚቀንስ የተገጠመው ሥጋ ሊሞት ይችላል።

ሰው ሠራሹ ቀለል ይላል፣ ግን ዕድሜ ልክ አያገለግልም። ሲሊኮን ከሆነ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሆነው፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ምርመራ ይታይ ይላል። በየትኛውም መንገድ ብታሠሪ ግን የሚሰማሽ ስሜት እንደ ድሮው አይሆንም። ልብስ ውስጥ ያምራል፣ ስትነኪው ግን ብዙ ጊዜ ደንዝዞ ነው የምታገኚው። ይህን ሳትጠይቂ የሚነግርሽ ጥቂት ነው።

አሜሪካ ካለሽ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ጡት ለማንሳት የሚከፍሉ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች እንደገና ማሠራቱን፣ ሌላኛውን ጡት ማመጣጠኑንና ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ጡት ጭምር እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ካንቺ ኪስ የሚወጣውን ድርሻ ግን ቀድመሽ ጠይቂ። ነፃ አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ልጅሽ ስለ ጡትሽ እንዲያስተረጉም አታድርጊ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚሠራ ቦታ ጥቂት ነው። እዚያ ካለሽ ቁስሉ ሲድን ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባው ሊበቃሽ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሽቶውን ትቶ እሱን ያምጣልሽ።

ምንም ሳያሠሩ መተውም ያው ውሳኔ ነው። ባልሽን አማክሪው፣ የሚቀደደው ግን ያንቺ ሰውነት ነው። ለመተው ከወሰንሽ «ደረቴን ለጥ አድርገህ ዝጋልኝ» ብለሽ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው፣ አለዚያ ትርፍ ቆዳ ሊተውብሽ ይችላል።

ለማሠራት ከመረጥሽ ደግሞ ሐኪሙ የሠራቸውን ጥቁር ሴቶች ፎቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ እኛ ላይ ይበዛል፣ ነጭ ቆዳ ላይ ያየሽው ፎቶ ስለዚህ ምንም አይነግርሽም።