ለጾምም ለማፍጠሪያም የሚሆን የቸኮሌት ጣፋጭ አሠራር

ጥሩ ቸኮሌት የሚታወቀው በመጠቅለያው ውበት ሳይሆን ጀርባው ላይ በተጻፈው የግብዓት ዝርዝር ነው። ካካዎ፣ የካካዎ ቅቤ (ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ስብ) እና ስኳር ከፊት ተጽፈው ከተገኙ ይገዛል፤ በካካዎ ቅቤ ፈንታ የፓልም ዘይት የገባበት ከሆነ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ ቸኮሌት አፍ ውስጥ እንደገባ የሚሟሟው በእርሱ ምክንያት ነው።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጥበት የወሎ ቤት፣ 70 በመቶ ካካዎ ያለው ጥቁር ቸኮሌት ለሁሉም ይሆናል። ሆኖም ለጿሚው ወተት፣ ለሙስሊሙ ደግሞ አልኮል አለመኖሩን አስቀድሞ ከዝርዝሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ቸኮሌት ኬክ ውስጥ መጋገር በእኔ እምነት ብክነት ነው፤ ለኬክ የካካዎ ዱቄት ይበቃል።

ለጀማሪ የሚሻለው ጋናሽ የሚባለው ለስላሳ ድብልቅ ነው። በተለምዶ በክሬም ይሠራል፤ እዚህ ግን በክሬሙ ፈንታ ቡና እንጠቀማለን። 200 ግራም ቸኮሌት በቢላዋ አድቅቀው በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ያድርጉ። በድስት ጥቂት ውሃ ያፍሉና ከእሳት ካወጡት በኋላ፣ ሳህኑን ታቹ ውሃውን ሳይነካ ድስቱ አፍ ላይ ያስቀምጡ። ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ከ50 ዲግሪ ማለፍ ለሌለበት ቸኮሌት እጅግ ብዙ ነው። በጣት ሲነካ ለብ ካለ ይበቃል።

እስኪቀልጥ ድረስ አንዲት የውሃ ጠብታ እንኳ እንዳትገባበት ይጠንቀቁ። ጥቂት እርጥበት ስኳሩንና የካካዎውን ብናኝ እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ ቸኮሌቱ ይቋጠራል፤ በቂ ፈሳሽ ሲገባ ግን መልሶ ይላላል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሊትር ትኩስ፣ በደንብ የተጠለለ የአቦል ቡና በአንድ ጊዜ ያፍስሱበት። በአንዳንድ ቤት እንደሚደረገው ቡናው ትንሽ ጨው ቢኖረውም ጣዕሙን ያጎላዋል እንጂ አይጎዳውም። ከዚያም ከመሐል ጀምረው በዝግታ ያማስሉ። መጀመሪያ የተበጣጠሰና የደፈረሰ ይመስላል፤ ይህን አይተው ሳይደናገጡ ማማሰሉን ይቀጥሉ፤ ከመሐል የጀመረው አንጸባራቂ ክብ እየሰፋ የሳህኑን ዳር ሲደርስ ተዋሕዷል ማለት ነው።

ድብልቁ ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹን ፍሬው በወጣለት ተምር ውስጥ ይሙሉት፤ በረመዳን ለማፍጠሪያ ከዚህ የተሻለ ጣፋጭ አላውቅም። ቀሪውን ሲጠነክር በማንኪያ እየቆረጡ፣ በካካዎ ዱቄት በተነካ መዳፍ ድቡልቡል ያድርጉት። ለዚህ የደሴ ብርድ ይረዳል፤ ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ሥራውን ማለዳ መጀመር ወይም ድብልቁን በፍሪጅ ማጠንከር ይሻላል። የካካዎ ቅቤ ሽታ ቶሎ ስለሚስብ፣ ክዳኑ በደንብ በማይገጥም ዕቃ ከበርበሬና ከሽንኩርት አጠገብ የተቀመጠ ቸኮሌት ወጥ ወጥ ይላል። ድብልቁ ውሃነት ስላለው በፍሪጅም ቢሆን ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አያቆዩት።