የኤምጂቢ የፊት ጎማዎች አላይመንት ሲዛባ መንስኤውን እንዴት መለየት ይቻላል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ፋብሪካ የተመረተችው የስፖርት መኪና ኤምጂቢ ወደ አንድ ወገን ስትስብ ወይም የፊት ጎማዋ አላግባብ ሲበላ፣ ብዙ ባለቤቶች በቀጥታ ወደ አላይመንት ማሽን ይወስዷታል። ይህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በዚህች መኪና ላይ ፋብሪካው ማስተካከያ ያበጀው ለቶ-ኢን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ በፊት በኩል በጥቂቱ እንዲቀራረቡ ለሚደረገው ልክ ብቻ ነው፤ ካምበር (ከፊት ሲታይ የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደል) እና ካስተር (ከጎን ሲታይ ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ማጋደል) የሚባሉት ማዕዘኖች ከተዛቡ ግን አንድ ያለቀ ወይም የተጣመመ ዕቃ አለ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ እኩል ያድርጉ፤ ከዚያም ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ያቀያይሩና ይንዱ። መሳቡ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። የምትስበው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ወደ ፍሬኑ መዞር አለበት።

ቀጥሎ ፊቷን በክሪክ አንስተው፣ በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ያሳርፉና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙ። ልቅነት ካለ ረዳትዎ ፍሬኑን ይርገጥ፦ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ግን ኪንግፒኑ (መሪው ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ) ወይም ከሥሩ ያለው ማያያዣ አልቋል። በእኔ ግምት በኤምጂቢ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ኪንግፒን ነው፤ ግራሶ በየጊዜው ካልተሰጠው ቶሎ ይበላልና። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት የሚሰማ ልቅነት ወደ መሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ይጠቁማል። የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎችም ተጨፍልቀው እንደሆነ ይመልከቱ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ቶ-ኢኑን ይለኩ። መኪናዋን በደልዳላ ወለል ላይ አቁመው፣ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ በሁለቱም ቸርኬዎች ጠርዝ ላይ በጎማው መሃል ከፍታ በፊት በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሜትሩን የመኪናዋ አካል ከከለከለው በጫፎቹ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች የተተከሉበት ረጅም ጣውላ ይበቃል። ከዚያ ምልክቶቹ ወደ ኋላ እስኪዞሩ መኪናዋን ገፍተው እንደገና ይለኩ። የሚለካው ያው ነጥብ ስለሆነ ቸርኬው ትንሽ ቢጣመም እንኳ ውጤቱን አያሳስትም። የፊተኛው ርቀት ከኋለኛው ከ1.5 እስከ 2.3 ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ከዚህ ከወጣ የሁለቱን የመሪ ዘንጎች መቆለፊያ ዳዶ ፈትተው እኩል ያዙሯቸው፤ አንዱን ብቻ ማዞር የዘንጎቹን ርዝመት ያበላልጣል።

ቶ-ኢኑ ትክክል ሆኖ ሳለ መኪናዋ አሁንም እንደ ሸርጣን አግድም የምትጓዝ ከመሰለ፣ በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት ያነጻጽሩ፤ መደበኛው 231 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ጉልህ ልዩነት ከታየ የኋላ አክሰሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች፣ እንዲሁም ባሌስትራው ከአካሉ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ዝገት በልቶት እንደሆነ ይመርምሩ።