ሥራን፣ ፓወርንና ጉልበትን በአንድ ጄሪካን ውሃ እንዴት መረዳት ይቻላል?

ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ተሸክሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የወጣ ሰው ፊዚክሱን በትከሻው ያውቀዋል። የቀረው ቁጥሩን ማስላት ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ሰዓት ያዙ።

መጀመሪያ ክብደቱ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩን እንተወው። መሬት እያንዳንዱን ኪሎ በ9.8 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ወደ ታች ትስባለች። ለስሌት እንዲቀል 10 እንበል። ስለዚህ ጄሪካኑን ለማንሳት 200 ኒውተን ኃይል ይፈልጋል።

ቀጥሎ ከፍታው። የአንዷን ደረጃ ቁመት ለኩና በደረጃዎቹ ብዛት አባዙ። 12 ሜትር መጣ እንበል። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው፤ 200 በ12፣ 2,400 ጁል። ጁል የሥራም የጉልበትም መለኪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ግር ይለዋል። በር ላይ ደርሳችሁ ቁልፉ እስኪገኝ ጄሪካኑን አንጠልጥላችሁ ብትቆሙ፣ እጀታው ጣታችሁን ቢያቀላውም፣ በዚያች ሰዓት በጄሪካኑ ላይ የሠራችሁት ሥራ ዜሮ ነው። ከፍ አላለማ! ድካሙ ግን እውነት ነው። ጡንቻችሁ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት፣ ማለትም ሥራ የመሥራት አቅም፣ ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ላባችሁም የመጣው ለዚህ ነው።

አሁን ሰዓቱን እዩ። ፓወር ሥራው በምን ፍጥነት እንደተሠራ ይነግረናል። በ1 ደቂቃ ከወጣችሁ 2,400ን ለ60 ሰከንድ አካፍሉ፤ 40 ዋት፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጁል። በ2 ደቂቃ ከሆነ 20 ዋት። ሥራው ግን ያው ነው። እያረፉ የወጡ እናትና በሩጫ የወጣ ጎረምሳ በጄሪካኑ ላይ እኩል ሠርተዋል። የራሳችሁን ሰውነት ማንሳታችሁንም አትርሱ፤ 60 ኪሎ ከሆናችሁ ሌላ 7,200 ጁል አለ።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ያ 2,400 ጁል የት ገባ? አልጠፋም። ውሃው ከፍታ ላይ ስለሆነ እምቅ ጉልበት ሆኖ ተቀምጧል። ከውሃው 1 ሊትር ከበረንዳ ወደቀ ብላችሁ አስቡ፤ በሐሳብ ብቻ፣ ታች ልጆች ይጫወታሉ። ሲነሳ 120 ጁል እምቅ ጉልበት አለው። መንገዱ አጋማሽ ላይ 60ው ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ተለውጧል። መሬት ሊነካ ሲል ሁሉም እንቅስቃሴ ሆኗል። የአየሩን ግጭት ከተውነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲፈርጥ ደግሞ ወደ ድምፅና ሙቀት ይሄዳል። መልኩ ይቀያየራል እንጂ ድምሩ ንቅንቅ አይልም። የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖችም የሚዞሩት ከከፍታ በሚወርድ የዓባይ ውሃ ነው።

በመጨረሻ ቆጣሪያችሁ ጋ ሂዱ። ቆጣሪው የሚቆጥርበት 1 ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። ለ2,400 አካፍሉት። 1,500 ጄሪካን፣ ሁሉም 4ኛ ፎቅ ድረስ! 3 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል።