የረገበና የደረቀ የሳይክል የቆዳ ኮርቻ ቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል

ባህር ዳር ያደገ ሰው ሳይክል ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፣ ከተማው ሜዳ ነው ተማሪውም ሰራተኛውም በሱ ነው የሚመላለሰው። እኛ ቤትም አባቴ ስራ ይሄድባት የነበረች የድሮ ፎኒክስ አለች፣ ጎማዋ ተቀይሯል ፍሬኗ ተቀይሯል ኮርቻዋ ግን ያው የድሮው ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኮርቻ ስፖንጅ ላይ ላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ሲቀደድ ይጣልና ሌላ ይገዛል፣ የቆዳው ግን እንደዛ አይደለም፣ ሰው ረገበ ደረቀ ብሎ አውልቆ ሲጥለው ሳይ በጣም ነው የሚቆጨኝ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ይድናል።

መጀመሪያ ኮርቻውን ከሳይክሏ አውልቁና ገልብጣችሁ እዩት። ከስሩ ስፖንጅ ወይ ፕላስቲክ ካለው የምነግራችሁ ነገር ለሱ አይሰራም። ከስሩ ባዶ ከሆነና ቆዳው ከኋላው ብረት ጀምሮ እስከ አፍንጫው (የፊተኛው ሹል ጫፍ) ድረስ በሪቬት፣ ማለትም ቆዳውን ከብረቱ ጋር በያዘው የብረት ምስማር፣ ተወጥሮ ከተንጠለጠለ ግን እሱ ነው። የጠፍር አልጋ አስቡ፣ የሚሸከማችሁ የቆዳው ውጥረት ነው እንጂ ከስር የተነጠፈ ነገር የለም። በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በ1866 እ.ኤ.አ. የተመሰረተው ኮርቻ ሰሪው ብሩክስም እስከዛሬ በዚሁ አይነት ነው የሚሰራው። እና ጠፍር ሲረግብ መሀሉ እንደሚሰረጉደው ኮርቻውም መሀሉ ይሰረጉድና የጎንና ጎኑ ክንፎች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ስትነዱ ጭናችሁን የሚፈትጋችሁ እሱ ነው።

አፍንጫው ስር አንድ ብሎን ከነዳዶው አለ፣ ቆዳውን ወደፊት ገፍቶ የሚወጥረው እሱ ነው። ሁሉም ሰው ቁልፍ ይዞ መጀመሪያ ወደሱ ነው የሚሮጠው፣ እባካችሁ እሱን መጨረሻ አድርጉት። ደረቅ ቆዳ ላይ ብሎን ካጠበቃችሁ ውጥረቱ በሙሉ ሪቬቶቹ ጋ ይሄድና ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ማዳኑ ከባድ ነው።

ስለዚ ከማጠብ ጀምሩ። በትንሽ ሳሙና እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ላቡን አቧራውን የድሮውን የጫማ ቀለም ጥረጉት፣ ስሩንም አትርሱ ጭቃው ያለው እዛ ነው። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አያስፈልግም። ከዛ ጋዜጣ ከስሩ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይፍጅ፣ ፀሀይና እሳት አይንካው። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው፣ አንድ ክረምት ዝናብ ያበሰበሰውን ኮርቻ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁትና ከሰአት ሳወርደው እንደ ቋንጣ ደርቆ ነበር፣ በጣቴ ስጫነው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሳየው የኋላው ሪቬት ጋ ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ወጥታለች። እስካሁን አለች።

አሁን ዋናው ስራ፣ ክንፎቹን በገመድ መሳብ። በእርሳስ ከክንፉ የታችኛው ጠርዝ 1 ሴንቲ ያህል ወደላይ ምልክት አድርጉ፣ በየ2 ሴንቲው አንድ፣ በአንድ ጎን 4 ወይ 5 ይበቃል፣ የሌላውም ጎን ከሱ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ወደ ጠርዙ በጣም ከቀረበ ገመዱ ቆዳውን ቆርጦት ይወጣል። መብሳቱን በወስፌ ማድረግ ይቻላል ግን የቀበቶ መብሻ ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ብትወስዱት ይሻላል፣ ክብ ቀዳዳ እንደ ወስፌ ስንጥቅ ቶሎ አይተረተርም። ከዛ ጠንካራ የጫማ ክር ከፊት ጀምራችሁ ልክ ጫማ እንደምታስሩት እያጠላለፋችሁ ከስር አሳልፉት፣ ጥብቅ አድርጉ ግን ክንፎቹ ከስር ያለውን ብረት መንካት የለባቸውም። ስትጨርሱ ከላይ እዩት፣ መሀሉ ወደላይ ተነስቶ ቅርፁ ሲመለስ ታያላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ያደረግኩት ጊዜ የአባቴ ሳይክል አዲስ የሆነች ነው የመሰለኝ።

ቀጥሎ ቅባት። የምግብ ዘይት፣ ቅቤ፣ የሞተር ዘይት እንዳታደርጉ፣ ቆዳውን ከሚገባው በላይ አለስልሰው መልሰው ያረግቡታል፣ ቅቤ ደግሞ ይሸታል። እኔ የምሰራው ንፁህ ሰም 1 እጅ በደንብ ቀልጦ የተጣራ የበሬ ሞራ 2 እጅ ነው፣ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀልጠዋለሁ፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይደረግም ይቀጣጠላል። ሲረጋ በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ከስር ያለው ሻካራው ጎን ብዙ ስለሚጠጣ እሱን ትንሽ ጨመር አድርጉለት፣ አሳድሩትና ጠዋት የተረፈውን ወልውሉት። በደንብ ካልወለወላችሁት ሱሪ ያበላሻል።

ይሄ ሁሉ አልቆ አሁንም ከረገበ ያኔ ወደ ብሎኗ፣ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁና መሀሉን በአውራ ጣት ተጫኑት። ትንሽ እሺ ካለ በቃ፣ እንደ ከበሮ ከደረቀ መልሱት። ሩብ ዙር፣ ከዛ አንድ ሁለት ሳምንት መንዳት፣ ካስፈለገ ሌላ ሩብ።

ላዩ ላይ ብቻ ያለ ጭረት በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት አሸት ተደርጎ ከተቀባ ይጠፋል ባይባልም አይታወቅም። እስከ ስር የዘለቀ ስንጥቅ ከሆነ ግን ከውስጥ በኩል ቀጭን ግን ጠንካራ ቆዳ በማስቲሽ ለጥፉና ዳር ዳሩን አሰፉት፣ የኔዋን ስንጥቅ የያዛት እሱ ነው። ሪቬቱ ጋ ተገንጥሎ የወጣ ቆዳ ላይ ግን አትልፉ፣ ብረቱንና ሞላውን ይዛችሁ ወፍራም ቆዳ ለሚሰራ ሰው ውሰዱትና አዲስ ቆዳ ይቁረጥላችሁ፣ የድሮውን ለልክ አትጣሉት።

ክረምት ላይ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ፌስታል ይኑር፣ ሳይክሏን ውጭ ስታቆሙ ኮርቻው ላይ አጥልቁት፣ ስትነዱ ግን አውልቁት ቆዳው ከስር መተንፈስ አለበት።