ዲኤክስህን ለድራግ ከማዘጋጀትህ በፊት

ድራግ ማለት በቀጥታ መንገድ ላይ የሚደረግ የአጭር ርቀት የመኪና እሽቅድምድም ነው። ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ሰፈር ወርደህ የቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ይቺን አንብብ። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ጉልበት ነው። እኔ ግን በአየሩ ልጀምርልህ።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ተመሳሳይ መኪና ያስመዘገበውን ሰዓት አይተህ ተስፋ አትቁረጥ። ካርቡሬተር ያለው ኮሮላ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የሚገባውን ቤንዚን ማስቀነስ አለብህ። ይሄ ከአዲስ ማርሚታ በላይ ለውጥ ያመጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ቱርቦ ካለህ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ እንዳያታልልህ። እዚህ ጌጁ 1 ባር ሲል ሞተሩ በትክክል የሚያገኘው የአካባቢው አየር ግፊት ተደምሮ 1.77 ባር አካባቢ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን 2 ይሆን ነበር። ልዩነቱን ላካክስ ብለህ ግፊቱን ዝም ብለህ ስትጨምር ቱርቦው ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ፒስቶን ይበሳል። የአየርና የቤንዚን መጠን የሚለካ መሣሪያ ሳታስገባ ግፊት አትንካ። የራዲያተሩንም ክዳን ቀይር፤ እዚህ ከተማ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚይዝልህ የክዳኑ ግፊት ነው።

አሁን ወደ አነሳስ። ውድድሩ 402 ሜትር ነው፣ የሚወሰነው ግን በመጀመሪያዋ 18 ሜትር ነው። ዲኤክስ የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ የኋላውን ንፋስ ትንሽ ቀንስ፤ ቪትዝ ከሆነ የሚጎትተው የፊት ጎማ ስለሆነ የፊቱን። ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላልህ፣ የራስህን መለኪያ ያዝ። ፍሪሲዮኑን በአንዴ አትልቀቅ፤ ጎማው ጮኸ ማለት መኪናው እየሄደ አይደለም። መብራት ባለበት ውድድር ሦስቱ ቢጫዎች በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት እየበሩ ይወርዳሉ። ሦስተኛዋ ቢጫ ስትበራ ልቀቅ። አረንጓዴውን ከጠበቅህ ዘግይተሃል።

ፍሬኑን ከሞተሩ በፊት አሠራ። ፖርታ ባጋሊዮውን ባዶ አድርግ፤ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ምንጣፍ፣ ሁሉም ይውጣ። ሄልሜት አድርግ፣ ቀበቶ እሰር።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። መንገድ የሚጠርጉ እናቶች አሉ፣ ዳር ላይ የተኙ ልጆች አሉ። በእነሱ ሕይወት አትወዳደር። ፈቃድ ያለው፣ የተዘጋ፣ አምቡላንስ የቆመበት ቦታ እስኪገኝ ጠብቅ። እስከዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል።

ቀኑ ደርሶ ከሮጥክ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፣ ቱርቦው ትንሽ ይብረድ። ሰዓትህን፣ የጎማ ንፋሱን፣ ሞተሩ በደቂቃ በስንት ዙር ላይ እያለ እንደተነሳህ ደብተር ላይ ጻፍ። ለሚቀጥለው ሩጫ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሁለት ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።