ለአሮጌ 10 ጌጅ ሾትጋን፦ ጥይት ስለገባ ብቻ አትተኩሱ

የድሮ 10 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ሾትጋን ይዛችሁ ለወፍ አደን ከመውጣታችሁ በፊት ቀለህ የሚገባበትን ክፍል ርዝመት በጠመንጃ ባለሙያ አስለኩ። ብዙ አሮጌዎች 73 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የዛሬው ማግነም፣ ማለትም ረጅሙና ኃይለኛው ጥይት፣ 89 ነው። ክፋቱ፣ ረጅሙ ጥይት አንዳንዴ ገብቶ ጠመንጃው ሊዘጋ ይችላል፤ 89 የሚባለው ጫፉ ተዘርግቶ ሲለካ ነው፣ ያልተተኮሰው ግን ታጥፎ ያጥራል። ሲተኮስ እጥፋቱ መዘርጊያ ያጣና በርሜሉ የሚጠብበት ላይ ይወተፋል፤ ግፊቱ ያሻቅባል።

በርሜሉ ላይ የተጠማዘዘ የጅማት መስመር የሚመስል ጥለት ካያችሁ ደማስቆ ነው፤ የብረት ዘንጎች ተጠማዘው በመበየድ የተሠራ የድሮ በርሜል ማለት ነው። ባለሙያ ሳያየው ጭስ አልባ (የዘመኑ) ባሩድ አይነካው። ከብረት የተሠራ የጥይት ፍሬ ደግሞ ለአሮጌ በርሜል አይሆንም፤ ጫፉ ጠባብ ከሆነ ያሳብጠዋል። የእርሳስ ፍሬ በተከለከለበት ቦታ ቢስመዝ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ ፍሬ ይሻላል፣ ውድ ቢሆንም።

አተኳኮሱ ላይ፦ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጠመንጃ ለመነሳትም ለመቆምም ሰነፍ ነው። ከወፏ ኋላ ጀምራችሁ አሳልፉት፣ ቃታውን ከሳባችሁ በኋላም ማዞሩን አታቁሙ። ክብደቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ግፍትሪያውንም ይውጣል። ክንዳችሁ ከዛለ ግን ጥይቱን አውጥታችሁ እረፉ። በጥቁር ባሩድ ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት።