ለሙሉ ሰመመን ማስጀመሪያ የሚሆን መድኃኒት አመራረጥ

ለቀዶ ሕክምና የቀረበን ታካሚ በደም ሥር ለማስተኛት በብዛት የሚነጻጸሩት መድኃኒቶች ፕሮፖፎል፣ ኬታሚን፣ ቲዮፔንታልና ኢቶሚዴት ናቸው። ጀማሪ የሰመመን ባለሙያ ንጽጽሩን ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከታካሚው ሊጀምር ይገባል። አራቱም ያስተኛሉ፤ ልዩነታቸው በጉልህ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች በደም ግፊትና በአተነፋፈስ ላይ ነው። ስለዚህ ታካሚው ደም ፈሶት ወይም ፈሳሽ አጥሮት እንደሆነ፣ ልቡ ደክሞ እንደሆነ፣ አስም እንዳለበትም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ጤናማ ሆኖ በቀጠሮ ለሚመጣ አዋቂ ፕሮፖፎል ጥሩ ምርጫ ነው። መጠኑ በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ታካሚው ቶሎ ይነቃል፤ ማቅለሽለሽም ይቀንስለታል። ይሁን እንጂ የደም ሥሮችን በማስፋት ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽንም ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። በአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል በሚገኝ ሌሲቲን የሚዘጋጅ በመሆኑ ባክቴሪያ በቀላሉ ይራባበታል፤ ከአንድ ታካሚ የተረፈውን ለሌላው ማቆየት፣ መድኃኒቱ እጥረት ቢኖርበት እንኳ፣ ፈጽሞ አይገባም።

ደም ለፈሰሰው ወይም አስም ላለበት ታካሚ ኬታሚን ይመረጣል። በደም ሥር በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የደም ሥር ካልተገኘም በጡንቻ መስጠት ይቻላል። ከሌሎቹ ሦስቱ በተለየ ሕመምን በሚገባ ያስታግሳል፣ ትንፋሽን እምብዛም አይጫንም፣ የሳንባ ቧንቧዎችንም ያሰፋል። ኦክስጅንና የሠለጠነ ሰው በሚያጥርባቸው የገጠር ሆስፒታሎቻችን ብዙ ሕይወት የታደገውም በዚህ ባሕርይው ነው። ሆኖም «ኬታሚን ግፊት አያወርድም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሊያዘናጋ አይገባም። ኬታሚን ግፊትን የሚደግፈው የሰውነትን የራሱን አድሬናሊን መሰል ንጥረ ነገሮች በማነሣሣት ነው፤ በሾክ (ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ ሁኔታ በማይደርስበት ሁኔታ) ብዙ የቆየ ታካሚ ግን ይህ ክምችት ሊያልቅበት ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ልብን የማድከም ጠባዩ ጎልቶ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ መጠኑን መቀነስ ግድ ነው። ምራቅ የሚያበዛ በመሆኑ መምጠጫ ማሽን በአጠገብ ይኑር፤ ሲነቃ የሚከሰተውን ቅዠትም ሚዳዞላም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ይቀንሰዋል።

ቲዮፔንታል በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የሚጥል በሽታን መንቀጥቀጥ ይገታል። ፖርፊሪያ (ሰውነት ሄም የተባለውን የደም ቀለም ንጥረ ነገር በአግባቡ የማይሠራበት በሽታ) ላለበት ሰው ግን የተከለከለ ነው፤ አልካላይነቱ ከፍተኛ ስለሆነም ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ይጎዳል። በኪሎ እስከ 0.3 ሚሊግራም የሚሰጠው ኢቶሚዴት ግፊትን ብዙም ስለማያናጋ ልበ ደካማን ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጥም የአድሬናል እጢን የኮርቲሶል ምርት ለሰዓታት ስለሚገታ፣ በደም መመረዝ ለተያዘ ታካሚ አልመርጠውም።

የትኛውም ቢመረጥ አስቀድሞ ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃዎች መስጠትና ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት በሲሪንጅ ቀድቶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በአረጋውያንና ልባቸው በደከመ ሰዎች ደም በዝግታ ስለሚዘዋወር መድኃኒቱ አንጎል ለመድረስ ይዘገያል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ፣ ተጨማሪ ከመስጠት በፊት የመጀመሪያው መሥራቱን መጠበቅ ይገባል።